የጆርጂያን ዘመን ቤት ከመንገድ ላይ ቆሞ እንዴት እንደሚነበብ

መጀመሪያ ስሙን እናጥራ፣ ብዙ ሀበሻ ጓደኞቼ እዚ ጋ ግራ ሲገባቸው አይቻለሁ። ጆርጂያን ሲባል ካውካሰስ ካለችው ጆርጂያም ሆነ አትላንታ ካለችበት ጆርጂያ ጋር አይገናኝም። ከ1714 እስከ 1830 (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) እንግሊዝን ተከታትለው የገዙት አራቱም ንጉሶች ስማቸው ጆርጅ ነበር፣ በኛ ጊዮርጊስ ማለት ነው፣ በነሱ ዘመን የተሰራ ቤት ነው እንግዲህ ጆርጂያን የሚባለው። ታውንሃውስ ደሞ ከጎረቤቱ ጋር የጎን ግድግዳ ተጋርቶ፣ ፊቱ ጠበብ ብሎ ሶስት አራት ፎቅ ወደ ላይ የሚሄድ የከተማ ቤት ነው። ለንደን፣ ባዝ፣ ብሪስቶል፣ ኤድንብራ፣ ደብሊን የኖረ ሰው በየቀኑ በአጠገቡ ያልፋል፣ ብዙዎቻችን የተከራየነው ክፍል ወይ የምንሰራበት ቢሮ እዛው ውስጥ ነው።

እኔ ለንደን ውስጥ የድሮ የእንጨት መስኮት በሚጠግን ወርክሾፕ ሰባት ዓመት ሰርቻለሁ። ስጀምር ቤቶቹ ሁሉም አንድ ይመስሉኝ ነበር፣ ጠፍጣፋ የጡብ ግድግዳ፣ በልክ የተደረደረ መስኮት፣ አንድ በር፣ በቃ። ቆይቶ ነው የገባኝ፣ ፊታቸው ላይ ያለው እያንዳንዱ ነገር ወይ በእሳት ወይ በግብር ወይ በሊዝ ምክንያት የመጣ ነው፣ ምክንያቱን ካወቃችሁ ደሞ ቤቱ መቼ ገደማ እንደተሰራ፣ ለምን አይነት ሰው እንደተሰራ፣ በኋላ ምኑ እንደተቀየረ አስር ደቂቃ ቆማችሁ ታውቃላችሁ። ከዚ በታች የምጽፈው እኔ ራሴ በማይበት ቅደም ተከተል ነው።

መጀመሪያ መንገዱን ተሻገሩ

ቤቱ ስር ቆማችሁ ምንም አታዩም። ማዶ ሂዱና መስኮቶቹን ከታች ወደ ላይ ተመልከቱ፣ ቁመታቸው እኩል ነው ወይስ ይለያያል? ጆርጂያን ከሆነ ይለያያል። ግራውንድ ላይ ያሉት መካከለኛ ናቸው፣ አንደኛ ፎቅ ላይ ያሉት ረጃጅም ናቸው (ብዙ ጊዜ ቁመታቸው የስፋታቸው እጥፍ ገደማ ነው)፣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ያጥራሉ፣ ከሱ በላይ ያሉት ደሞ አራት ማዕዘን ሊሆኑ ምንም አይቀራቸውም። ይሄ ለውበት ብቻ አይደለም። አንደኛ ፎቅ እንግዳ የሚቀበሉበት ትልቁ ሳሎን ነው፣ ግራውንድ ላይ ምግብ ይበላል፣ ሁለተኛው ላይ ቤተሰቡ ይተኛል፣ ጣሪያው ስር ልጆችና የቤት ሰራተኞች ያድራሉ፣ ኩሽናው ቤዝመንት ነው። ስለዚ መስኮቱ ሲያጥር እዛ ፎቅ ላይ የሚኖረው ሰው ማዕረግም አብሮ እየወረደ ነው ማለት ነው።

የመጠኑ ሀሳብ የመጣው ከጣሊያን ነው። ከ1508 እስከ 1580 የኖረው አርክቴክት ፓላዲዮ የድሮ የሮማ ህንፃዎችን ለክቶ አጥንቶ ነበር፣ እንግሊዞቹ ደሞ ከሱ ሞት በኋላ ስራውን በጣም ወደዱት። የቤተመቅደስ ፊት ከታች መሰረት አለው፣ መሃል ላይ አምድ፣ ከላይ ደሞ አምዶቹ የተሸከሙት አግዳሚ። ለንደን ያለውን ተራ የጡብ ቤት በዚ ዓይን እዩት፣ ግራውንዱ መሰረቱ ነው፣ አንደኛና ሁለተኛ ፎቅ አምዱ የሚቆምበት ቦታ ነው፣ ከሱ በላይ ያለው ጠርዝ አግዳሚው ነው። አምዱን አንስተውት ልኩን ግን ትተውታል። አምዱ በእውነት የቆመበትን ለማየት ባዝ ከተማ ሮያል ክሬሰንት ሂዱ፣ ከ1767 ጀምሮ በአርክቴክቱ በልጅየው ጆን ውድ (አባቱም ስሙ ጆን ውድ ነው) ንድፍ የተሰራ ነው፣ 30 ቤቶች በግማሽ ጨረቃ ቅርፅ ተያይዘው 114 አምዶች ተደርድረውበታል፣ አምዶቹ የሚነሱት ደሞ ልክ ከግራውንዱ በላይ ነው። እሱን አንዴ ካያችሁ በኋላ አምድ የሌለው ቤት ላይም አምዱ ይታያችኋል።

ወርዱን ደሞ ቁጠሩ። ሶስት መስኮት ጎን ለጎን በጣም የተለመደው ነው፣ ሁለት ከሆነ አነስ ያለ ቤት ነው፣ አራትና አምስት ከሆነ ባለቤቱ ሀብታም ነበር። በ1774 የወጣው የለንደን የህንፃ ህግ ቤቶችን በዋጋና በስፋት አራት ደረጃ አድርጎ ከፍሏቸዋል፣ አንደኛ ደረጃው ከ850 ፓውንድ በላይ የሚያወጣ ከ900 ስኩዌር ፊት በላይ የሚይዝ፣ አራተኛው ከ150 ፓውንድ በታችና ከ350 ስኩዌር ፊት ያነሰ ነው፣ ለእያንዳንዱ ደረጃ የግድግዳው ውፍረት ሳይቀር በህግ ተወስኗል። ከዛ በኋላ የተሰሩ ሰፈሮች እንዲህ አንድ የሚመስሉት አንዱ ምክንያት ይሄ ነው።

ሌላኛው ምክንያት ሊዝ ነው። ለንደን ውስጥ መሬቱ የትልልቅ መኳንንት ነበር፣ የቤድፎርድ፣ የግሮቭነር፣ የፖርትማን ቤተሰቦች። መሬቱን አይሸጡም፣ ለኮንትራክተር በሊዝ ይሰጣሉ፣ በኋለኛው ዘመን ብዙ ጊዜ ለ99 ዓመት፣ እኛ ሀገር ለመኖሪያ ቤት ከሚሰጠው የሊዝ ዘመን ጋር ቁጥሩ ራሱ አንድ ነው። ኮንትራክተሩ መጀመሪያ ላይ ለስሙ ያህል ብቻ ኪራይ እየከፈለ ቶሎ ቶሎ ገንብቶ ውስጡን ሳይጨርስ ይሸጠዋል፣ ውስጡን ገዢው እንደፍላጎቱ ያስጨርሳል። ፊቱ ግን በሊዝ ውሉ የታሰረ ስለሆነ ከጎረቤቱ ጋር መመሳሰል ነበረበት። ለዛ ነው ፊቱ ወጥ ሆኖ ውስጡ ከቤት ቤት የሚለያየው።

ጣሪያው የት ሄደ?

ቀና ብላችሁ ጣሪያውን ፈልጉት። ብዙ ጊዜ አይታይም፣ ግድግዳው ከጣሪያው አልፎ ወደ ላይ ወጥቶ ሸፍኖታል፣ ፓራፔት የምንለው ነው። ይሄን ያመጣው እሳት ነው። በ1666 የለንደን ከተማ እሳት ተነስቶ 13,200 ገደማ ቤት በላ፣ ከዛ በኋላ ግድግዳ ጡብ ወይ ድንጋይ ይሁን ተባለ። በ1707 ደሞ ሌላ ህግ ወጣና ከጣሪያው ጠርዝ ስር ወደ ውጪ ይወጣ የነበረውን የእንጨት ጌጥ ከለከለ፣ እሳት በሱ ላይ ከቤት ወደ ቤት ስለሚሻገር ነው፣ በምትኩ የፊት ግድግዳው ከፍ ብሎ ፓራፔት ይሁን አለ። ስለዚ ለንደን ውስጥ ወፍራም የእንጨት ጠርዝ ወደ መንገዱ ብቅ ያለበት ቤት ካያችሁ ከዛ ህግ በፊት የተሰራ ሊሆን ይችላል፣ ቆም ብላችሁ እዩት። በሁለት ቤት መሃል ያለው የጋራ ግድግዳም ከጣሪያው በላይ ከፍ ብሎ ሲወጣ ታያላችሁ፣ እሱም ለዚሁ ነው፣ ጭስ ማውጫዎቹም እሱ ላይ ነው የሚሰለፉት።

ከፓራፔቱ ጀርባ ያለው ጣሪያ ብዙ ጊዜ የተገለበጠ ነው፣ መሃሉ ወደ ውስጥ ጎድጎድ ብሎ ዝናቡ እዛ ይሰበሰብና ወደ ቤቱ ጀርባ ይወርዳል። ውሃ የሚያስገባው ሁሌም እዛች ሸለቆ ጋ ነው። ላይኛው ፎቅ ላይ ክፍል ልትከራዩ ከሆነ የጣሪያውን መሃል በደንብ እዩት፣ ቢጫ ክብ ክብ ነገር ካለ የሸለቆው ቦይ በቅጠል ተደፍኖ ሊሆን ይችላል፣ ባለቤቱን ከመፈረማችሁ በፊት ጠይቁት።

ላይኛው መስኮት ትንሽ ነው ላልኩት አንድ ቆንጆ ኤክሴፕሽን አለ። ምስራቅ ለንደን ስፒታልፊልድስ ፎርኒየር ስትሪት ሂዱና ጣሪያው ስር ያለውን እዩ፣ ከዳር እዳር መስታወት ነው። እዛ ይሰሩ የነበሩት ከፈረንሳይ በሃይማኖታቸው ተሰደው የመጡ የሐር ሸማኔዎች ናቸው፣ ቤቶቹ የ1720ዎቹ ናቸው፣ ሸማኔ ክር ለመለየት ብርሃን ስለሚፈልግ መጠኑን ሰብረው ሰፊ አደረጉት። እናቱ ወይ አባቱ ጥበብ ሲሰሩ ያየ ሰው ያ መስኮት ለምን እንደዛ እንደሆነ ማንም ሳይነግረው ይገባዋል። እዛው መንገድ ጥግ ላይ ያለው መስጊድ ደሞ በ1743 የነዚሁ ስደተኞች ቤተክርስቲያን ሆኖ ነው የተሰራው፣ ቆይቶ የአይሁድ ምኩራብ ሆነ፣ ከ1970ዎቹ ጀምሮ መስጊድ ነው።

ጡቡን ቅረቡና እዩት

አሁን ተሻግራችሁ ግድግዳው ጋ ኑ። ጡቡ እንዴት ነው የተደረደረው? አንድ በረጅም ጎኑ፣ አንድ በጠባብ ጎኑ፣ እንደዛ እየተፈራረቀ በአንድ መስመር የሚሄድ ከሆነ የጆርጂያን ዘመን መለያ ነው፣ ፍሌሚሽ ቦንድ ይሉታል። ሁሉም በረጅም ጎኑ ብቻ ከሆነ ግን ግድግዳው ሁለት ስስ ግድግዳ መሃሉ ባዶ የሆነ የ20ኛው ክፍለ ዘመን አሰራር መሆኑ አይቀርም፣ በሩና መስኮቱ ምንም ያህል ጆርጂያን ቢመስል። ይሄን አንዷን ነገር ብቻ ብትይዙ ግማሹን አስመሳይ ቤት ትለያላችሁ።

ቀለሙ ደሞ፣ በዘመኑ መጀመሪያ ቀይና ቡናማ ነበር የሚወደደው፣ ወደ መጨረሻው ቢጫማው የለንደን ጡብ አሸነፈ። ጥቁር ካያችሁ የከሰል ጭስ ነው። ዳውኒንግ ስትሪት ቁጥር 10ን በዜና የማያውቀው የለም፣ ጥቁር ጡብ ነው አይደል? በ1960ዎቹ ሲያድሱት ከስር ቢጫ ሆኖ ተገኘ፣ ሰው በጥቁሩ ስለለመደው ካፀዱት በኋላ ጥቁር ቀለም ቀቡት። የሱ በር ላይ ያለውን ነገር ደሞ ትንሽ ቆይቼ እመለስበታለሁ።

በጡቦቹ መሃል ያለውን ማጣበቂያ እዩት። ነጣ ያለ፣ ነጫጭ ፍንጥቅጣቂ ያለበት ለስላሳ ከሆነ ኖራ ነው፣ ጎንደር ፋሲል ግቢን አስሮ የያዘው አይነት። ግራጫና ድርቅ ያለ ከሆነ በኋላ በሲሚንቶ የተሞላ ነው፣ እሱ ደሞ ያሳዝነኛል። የድሮ ጡብ ውሃ ይጠጣል ከዛ በኖራው በኩል መልሶ ይተነፍሰዋል፣ በሲሚንቶ ስትዘጉበት ውሃው የሚወጣበት ስለሌለው በጡቡ ፊት በኩል ይወጣል፣ ክረምት ሲመጣ ይቀዘቅዛል፣ የጡቡ ፊት እየተላጠ ይረግፋል። ማጣበቂያው ከግድግዳው ወጣ ብሎ ጡቡ ግን ወደ ውስጥ የተበላበት ግድግዳ ካያችሁ ያ ነው የሆነው። ለኮንትራክተር ስራ የምትሰሩ ወንድሞች፣ 200 ዓመት የቆየ ግድግዳ ላይ ሲሚንቶ ሙሉበት ስትባሉ ቢያንስ አንዴ ጠይቁ።

ሙሉ በሙሉ የተለሰነና ክሬም የተቀባ ፊት ደሞ አለ። ስቱኮ ይባላል፣ ቀለም ቀቢዎች ግድግዳ የሚያስተካክሉበት ስቱኮ ሳይሆን ጡቡን ድንጋይ ለማስመሰል የሚደረግ የውጪ ልስን ነው። ቤቱ ሁሉ እንደዛ ከሆነ ዘመኑ መጨረሻ ላይ ናችሁ፣ አርክቴክቱ ጆን ናሽ በ1820ዎቹ ሪጀንትስ ፓርክ ዙሪያ ያሰራቸው ሁሉ እንደዛ ናቸው። ባዝና ኤድንብራ ግን ጡብም ልስንም አይደለም፣ እውነተኛ ድንጋይ ነው፣ የባዙ ማር የመሰለ ቢጫ፣ የኤድንብራው ወደ ግራጫ የሚሄድ።

መስኮት

እዚ ጋ እቆያለሁ፣ ስራዬ ስለሆነ ብቻ ሳይሆን የቤቱ ዕድሜ በደንብ የሚታወቀው እዚ ስለሆነ ነው። መስኮቱ እንደኛ ሀገር ወደ ጎን አይከፈትም፣ ሁለት ፍሬም ነው አንዱ ወደ ላይ አንዱ ወደ ታች የሚንሸራተት፣ ሳሽ ይባላል። በግራና በቀኝ የእንጨት ሳጥን አለ፣ ሳጥኑ ውስጥ የብረት ወይ የእርሳስ ክብደት በገመድ ተንጠልጥሏል፣ ገመዱ በትንሽ ፑሊ ዞሮ ፍሬሙን ይይዘዋል። ክብደቱና ፍሬሙ እኩል ከመዘኑ በሁለት ጣት ትከፍቱታላችሁ፣ የትም ብታቆሙትም እዛው ይቆማል። ሲከፈት ዱብ ብሎ የሚወርድ ከሆነ ገመዱ ተበጥሷል፣ በጣም ከከበደ ደሞ አንድ ሰው መስታወቱን በወፍራም ቀይሮ ክብደቱን ሳይቀይር ትቶታል ወይም ቀለም በቀለም ላይ ተደራርቦ አጣብቆታል። አብዛኛው ጊዜ የሚጠገን ነገር ነው። እንጨቱ ከባልቲክ አካባቢ የመጣ ቀስ ብሎ ያደገ ጥድ ነው፣ ከላይ የበሰበሰ ቢመስልም ቀለሙ ሲነሳ ከስሩ አጥንት የመሰለ እንጨት ስንት ጊዜ አግኝቻለሁ።

ዕድሜውን ለማወቅ መጀመሪያ ሳጥኑ የት እንዳለ እዩ። ፍሬሙ ከግድግዳው ፊት ጋር እኩል ከሆነ ቀዳሚ ነው። በ1709 ለንደን ላይ የወጣ ህግ እሳት እንዳይዘው ብሎ አራት ኢንች ማለትም አስር ሴንቲ ሜትር ገደማ ወደ ውስጥ ይግባ አለ፣ ስለዚ ወደ ውስጥ ገብቶ ሳጥኑ ግን በሙሉ የሚታይ ከሆነ ከዛ በኋላ ነው። የ1774ቱ ህግ ደሞ ሳጥኑ ራሱ ከጡቡ ጀርባ ይደበቅ አለ፣ ከውጪ የምታዩት ቀጭን የእንጨት መስመር ብቻ ከሆነ ከ1774 ወዲህ ነው። ህጉ የለንደንና የዌስትሚንስተር ነው፣ ሌላ ከተማ ፋሽኑ ዘግይቶ ስለደረሰ እዛ በዚ ብቻ አትፍረዱ፣ ለንደንም ቢሆን ሁሉም ወዲያው አልታዘዘም።

ቀጥሎ መስታወቱን የሚከፋፍሉት እንጨቶች። በዘመኑ መጀመሪያ ወፍራሞች ናቸው፣ አውራ ጣት ያህልና ከዛም በላይ፣ ወደ መጨረሻው እየቀጠኑ ሄደው አንድ ሴንቲ ሜትር ተኩል ገደማ ይደርሳሉ። የተለመደው ላይ ስድስት ታች ስድስት መስታወት ነው። ከላይኛው ፍሬም ስር በግራና በቀኝ ወደ ታች ወጣ ያሉ ትንንሽ ጫፎች ካያችሁ፣ እንግሊዞቹ ቀንድ ይሏቸዋል፣ ያ መስኮት ጆርጂያን አይደለም። መስታወቱ ትልቅና ከባድ ሲሆን መጋጠሚያውን ለማጠንከር በቪክቶሪያ ዘመን የመጣ ነው፣ ከ1840ዎቹ ወዲህ። ቤቱ ጆርጂያን ሆኖ መስኮቱ ብቻ በኋላ የተቀየረበት በጣም ብዙ ነው፣ ስለዚ ቀንዱ ስለመስኮቱ እንጂ ስለቤቱ አይመሰክርም።

መስታወቱን ለማየት ፊት ለፊት አትቁሙ፣ ወደ ጎን ሁኑና ሰማዩ ወይ ማዶ ያለው ቤት ሲያንፀባርቅበት እዩ። የዘንድሮ መስታወት እንደ መስተዋት ቀጥ አድርጎ ያሳያል፣ የድሮው ግን ምስሉን ያንቀሳቅሰዋል፣ እያንዳንዱ ቁራጭ ትንሽ ሆድ አለው፣ ማዶ ያለው ጭስ ማውጫ ሲታጠፍ ታያላችሁ። አሰራሩ ነው ምክንያቱ፣ የቀለጠውን መስታወት በቱቦ ነፍተው ከዛ ዘንግ ላይ አድርገው በኃይል ያሽከረክሩታል፣ እንደ እንጀራ ክብ ሆኖ ይዘረጋል፣ ሲቀዘቅዝ ከሱ ላይ ቁራጭ ቁራጭ ይቆርጡለታል። መስታወቱ ትንንሽ የሆነው ከዛ ክብ ትልቅ መቁረጥ ስለማይቻል ነው። መሃሉ ላይ ዘንጉ የተጣበቀበት እብጠት ይቀራል፣ ያ እንደ ትርፍራፊ ይቆጠር ነበር፣ በርካሹ ይሸጣል። ዛሬ መጠጥ ቤት መስኮት ላይ የድሮ ለማስመሰል ያንን እብጠት ደርድረው ስታዩ፣ የዛ ዘመን ባለሀብት ቤቱ ፊት ላይ የማያደርገውን ነገር እያያችሁ ነው።

ስራ በጀመርኩ በሁለተኛው ወር አንድ እንደዚ ያለ መስታወት ሰብሬያለሁ። የደረቀውን ፑቲ ለማውጣት ቸኩዬ ነበር። አለቃዬ አልጮኸም፣ ስብርባሪውን አንስቶ ወደ ብርሃን አዞረና ውስጡ ያሉትን ትንንሽ የአየር ጠብታዎች አሳየኝ፣ እነዚ በአንድ ሰው ትንፋሽ የገቡ ናቸው አለኝ። ከዛ ቀን ጀምሮ የድሮ መስታወት ያለበት ቤት ስገባ መጀመሪያ የምሰራው ስራ ቆጥሬ መመዝገብ ነው። እናንተም ቤታችሁ ካለ በምንም ምክንያት እንዳትጥሉት፣ ለሙቀት ብላችሁ ከሆነ ከውስጥ ሁለተኛ መስታወት ማስገባት ይቻላል፣ ብዙዎቹ ቤቶች ደሞ ግድግዳው ውስጥ የታጠፈ የእንጨት መዝጊያ አላቸው፣ ቀለም አጣብቆት እንዳለ የማያውቅ ተከራይ ብዙ ነው። የመስኮቱን የጎን እንጨት ቀስ ብላችሁ አንኳኩ፣ ባዶ ድምፅ ካሰማ መዝጊያው እዛ ሊኖር ይችላል።

በጡብ የተደፈነ መስኮት ስታዩ ሁሉም ሰው የመስኮት ግብር ነው ይላችኋል። ግብሩ እውነት ነበር፣ ከ1696 እስከ 1851 በመስኮት ብዛት ይከፈል ነበር። ግን ሁሉም አይደለም። የተደፈነበት ጡብ ከዙሪያው ጋር አንድ ቀለም ከሆነና መስመሩ ሳይቋረጥ ከቀጠለ ሲሰራ ጀምሮ ለሲሜትሪ የተደረገ ውሸት መስኮት ነው፣ ከጀርባው ጭስ ማውጫ ወይ ግድግዳ ስላለ መክፈት አይችሉም ነበር። ቀለሙ ከተለየና መጋጠሚያው ከተሰበረ ግን በኋላ የተዘጋ ነው፣ ግብሩን ያኔ መጠርጠር ትችላላችሁ።

በሩና እግራችሁ ስር ያለው

አሁን ወደ ዳውኒንግ ስትሪት በር ልመለስ። ከበሩ በላይ ግማሽ ክብ መስታወት አለ፣ እንደ ማራገቢያ የተዘረጋ፣ ፋንላይት ይሉታል። ቤቱ በሁለት ጎኑ ጎረቤት ስለሆነ መግቢያው ኮሪደር መስኮት የለውም፣ ብርሃን የሚያገኘው በሱ ብቻ ነው። ደብሊን ውስጥ ሜሪዮን ስኩዌር ዙሪያ ያሉት በጣም ያምራሉ። ዋናው ነገር ፋንላይቱ ከበሩ በላይ ነው የሚሆነው፣ በሩ ራሱ ላይኛው ክፍል ውስጥ የተቆረጠ ማራገቢያ ቅርፅ መስታወት ካያችሁ የቅርብ ጊዜ ፋብሪካ በር ነው። የደብዳቤ ማስገቢያ ቀዳዳም በኋላ የተበሳ ነው፣ በ1840 ፖስታ በአንድ ፔኒ ቀድሞ የሚከፈልበት ስርዓት ከመምጣቱ በፊት ፖስተኛው አንኳኩቶ ከተቀባዩ ነበር ገንዘቡን የሚቀበለው፣ ማንኳኪያው እንጂ ቀዳዳው አያስፈልግም ነበር።

ከበሩ ጎን ደረጃው ላይ ጫማ ከጭቃ የሚፋቅበት ትንሽ ብረት አለ። አጥሩ ላይ ወይ በሩ አጠገብ የመለከት አፍ የመሰለ ወደ ታች የተደፋ ብረት ካገኛችሁ ችቦ ማጥፊያ ነው፣ መንገዱ በቂ መብራት ስላልነበረው ሰው ማታ ሲሄድ ችቦ የሚይዝለት ልጅ ይቀጥር ነበር፣ ሲደርሱ ልጁ ችቦውን እዛ ውስጥ ከቶ ያጠፋዋል። ከፍ ብሎ ግድግዳው ላይ የተለጠፈች የእርሳስ ሰሌዳ ካለች የእሳት ኢንሹራንስ ምልክት ናት፣ ለምሳሌ በ1710 የተመሰረተው የሰን ኩባንያ ፊት ያላት ፀሀይ ነው የሚለጥፈው፣ አንዳንዱ ላይ የፖሊሲ ቁጥሩ ሁሉ አለ።

የብረት አጥሩ አጠገብ ወደ ታች እዩ፣ ከመንገዱ በታች ትንሽ ግቢ አለች፣ ለቤዝመንቱ ኩሽና ብርሃን የምትሰጥ፣ ሰራተኛና ዕቃ አቅራቢም በዛ ነበር የሚገባው። የቆማችሁበት ፔቭመንት ላይ ደሞ ክብ የብረት ክዳን ፈልጉ፣ ከእንጀራ ምጣድ በጣም የሚያንስ። የከሰል ጉድጓድ ነው፣ ከመንገዱ ስር መጋዘን አለ፣ ከሰል አቅራቢው ክዳኑን ከፍቶ ከላይ ይገለብጠዋል፣ ጥቁር ሆኖ ቤት ውስጥ አይገባም። ክዳኖቹ ላይ ያለው ንድፍ በጣም ይለያያል፣ አብዛኛው ከቪክቶሪያ ዘመን ነው።

ውስጥ ከገባችሁ

አቀማመጡ ቀላል ነው፣ ፊት አንድ ክፍል ኋላ አንድ ክፍል፣ ጎን ላይ ኮሪደርና ደረጃ፣ በየፎቁ እንደዛው። ግድግዳው ላይ ያንኑ ቤተመቅደስ ታገኙታላችሁ፣ ከታች ዞኮሎው፣ ወንበር ጀርባ የሚያህል ከፍታ ላይ የሚዞር እንጨት (ወንበር ግድግዳውን ተጠግቶ ስለሚቀመጥ)፣ ከላይ ደሞ ኮርኒስ። እኛ ኮርኒስ ስንል ጣሪያውን የሚሸፍነውን ሙሉውን ነው፣ እነሱ ግን ግድግዳና ጣሪያ የሚገናኙበትን የጂፕሰም ወይ የእንጨት ጌጥ ጠርዝ ብቻ ነው የሚሉት፣ ሳይት ላይ ይሄ ቃል ስንት ጊዜ አምታቶናል።

በጣም እንድታዩልኝ የምፈልገው ደረጃው ነው። እየወጣችሁ ጌጡ የት ላይ እንደሚያልቅ ልብ በሉ። ከታች ድንጋይ ወይ የተቀረፀ እንጨት ነው፣ የእጅ መደገፊያው ማሆጋኒ ነው፣ ኮርኒሱ ቅጠል ቅጠል አለው፣ ከአንደኛ ፎቅ ስታልፉ ይቀንሳል፣ ሁለተኛውን ስታልፉ ደረጃው ይጠባል፣ መደገፊያው ተራ ዱላ ይሆናል፣ ኮርኒስ የሚባል ነገር አይኖርም። ጌጡ ያለቀበት ቦታ እንግዳ የማይደርስበት ቦታ ነው። ከዛ በላይ የሚወጡት ከሰሉንና ውሃውን ተሸክመው ስድስት ሰዓት ሌሊት የሚተኙት ነበሩ።

ማሆጋኒውም ከየት እንደመጣ መባል አለበት። ከጃማይካና ከካሪቢያን አካባቢ ነው፣ በባርነት በተያዙ አፍሪካውያን ጉልበት ተቆርጦ። ብሪስቶል ግሬት ጆርጅ ስትሪት ቁጥር 7 ያለው ቤት አሁን ሙዚየም ነው፣ በ1790 አካባቢ ለጆን ፒኒ የተሰራ፣ ኔቪስ ደሴት ላይ የስኳር እርሻና ባሪያዎች የነበሩት ሰው። ፒኒ በባርነት የያዘውን ፔሮ የሚባል ሰው ይዞት መጣ፣ ፔሮም እዚ ያገለግለው ነበር፣ ፔሮ በ1798 ሞተ፣ ከ1999 ጀምሮ ብሪስቶል ወደብ ላይ ያለ የእግረኛ ድልድይ በስሙ ተጠርቷል። እዛ ቤት የገባሁ ቀን ኮርኒሱን ለማየት ነበር የሄድኩት፣ ደረጃውን ስወጣ ግን የማስበው ስለሱ ብቻ ነበር።

ከቻላችሁ ቤቱን ከኋላም ዙሩት። ጀርባው ላይ ሁሉም የራሱን ነው የሰራው፣ መስኮቱ ተዛንፏል፣ በየፎቁ የተጨመረ ትንሽ ክፍል አለ፣ ቱቦው ይታያል። ሮያል ክሬሰንት ራሱ ከኋላው እንደዛ ነው።

ቤት ለምትከራዩና ለምትገዙ

እንግሊዝ ውስጥ በ1700 እና በ1850 መሃል የተሰሩና ሳይበላሹ የቆዩ ቤቶች አብዛኛዎቹ ሊስትድ ናቸው፣ ማለትም በህግ የተጠበቁ። ያለ ፈቃድ መስኮት መቀየር፣ የእሳት ምድጃ ማውጣት፣ ግድግዳ ማፍረስ ወንጀል ነው፣ ከናንተ በፊት የነበረው ባለቤት ያደረገውንም አስተካክሉ ልትባሉ ትችላላችሁ። ሂስቶሪክ ኢንግላንድ (የድሮ ህንፃዎችን የሚከታተለው የመንግስት መስሪያ ቤት) ዌብሳይት ላይ አድራሻውን አስገብታችሁ በነፃ ታዩታላችሁ፣ ብዙ ጊዜ የተሰራበት ዓመትና ምኑ የድሮ እንደሆነ ተጽፎ ታገኛላችሁ፣ ከመፈረማችሁ በፊት አንብቡት።

ባዝ የሚሄድ ሀበሻ ሁሉ ፌርፊልድ ሃውስን ያያል፣ ጃንሆይ ከ1936 እስከ 1940 በስደት የኖሩበት ቤት። ብዙ ሰው ባዝ ስለሆነ ብቻ ጆርጂያን ይለዋል። አይደለም፣ ብቻውን ግቢ ውስጥ የቆመ ቪላ ነው፣ በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ የጣሊያን ስታይል ተከትሎ የተሰራ። እዛ ሄዳችሁ ከተሳለማችሁ በኋላ ወደ ሮያል ክሬሰንት ውጡና ሁለቱን አወዳድሩ፣ ልዩነቱ ያኔ በዓይናችሁ ይገባል።

ለንደን ያላችሁ ደሞ በአንድ ቀን መቶውን ዓመት መራመድ ትችላላችሁ። ከፎርኒየር ስትሪት ጀምሩ፣ 1720ዎቹ። ከዛ ቤድፎርድ ስኩዌር፣ ከ1775 እስከ 1783 የተሰራ፣ አራቱም ጎን ሳይፈርስ የቆመ፣ በሮቹ ላይ ያለው ፂማም የሰው ፊት ድንጋይ እንዳይመስላችሁ፣ ኤሊኖር ኮድ የምትባል ሴት ላምቤዝ ካለው ፋብሪካዋ በሸክላ አቃጥላ የምታወጣው ነው፣ ከ250 ዓመት በኋላም አፍንጫው አልተበላም። መንገድ ላይ የአርክቴክቱን የጆን ሶንን ሙዚየም ግቡ፣ ሊንከንስ ኢን ፊልድስ ቁጥር 13 ነው፣ መግቢያው ነፃ ነው። ማታ ሪጀንትስ ፓርክ ጋ ጨርሱ። ቤድፎርድ ስኩዌር ስትደርሱ ፀሀይዋ ዘንበል ያለች ብትሆን ጥሩ ነው፣ ከጎን ሆናችሁ መስኮቶቹን እዩ፣ ሰማዩ የሚንቀሳቀስበትን መስታወት ለብቻ ሰማዩ ቀጥ ያለበትን ለብቻ ቁጠሩ።